የወይን ትምህርት ከሰበታ

ሰበታ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለገለቴ ኢተፋ
ሱሉልታ

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ ቆንጆ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። እማዬም አለች፣ አለች ከተባለ። ሰበታ እንደምታውቂያት ናት፤ ጭቃው ሄዶ አቧራው ተረክቧል። ከግሮሰሪዬ ፊት ለፊት የነበረው ሥጋ ቤት ተዘግቶ የሙሽራ ልብስ ማከራያ ተከፍቶበታል። ባለቤቷ ሦስት ጊዜ ያገባች ናት አሉ፤ ልምድ ተቆጥሮላት ይሆናል ፈቃዱን የሰጧት።

ከመሐላችሁ አንዷ የማትረባ አንድን እንግዳ ፎቶ አንስታ የሠራተኛ ስልክ ሁሉ በር ላይ ከቀረ ወዲህ እኔንም በስተርጅና ደብዳቤ ጸሐፊ አደረግሽኝ። ዋቆ ማክሰኞ ማክሰኞ መጠጥ ጭኖ ወደ እናንተ ባይወጣ ምን ይውጠን ነበር? ሹፌር ሆኖ ፖስተኛም ሆነልን። እንዳያነበው በስቴፕለር አራት ቦታ መትቼዋለሁ፤ አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምትሠሪበት ሪዞርት የወይን አሳላፊ ይፈልጋል፤ ከልብስ ማጠቢያ ክፍልም ቢሆን መወዳደር ይቻላል፤ ፈተናው ኅዳር 20 ነው። ካለፍሽ የሁለት ዓመት ውል ትፈርሚያለሽ። ከወደቅሽ ደግሞ ወደ ቤትሽ ተመልሰሽ እማዬን ትይዣለሽ፣ ይህን ቃል የገባሽልኝ ራስሽ ነሽ፣ እኔ አላስገደድኩሽም። ይኸውልሽ ገሌ፣ እማዬ መርሳቱ ከጠናባት ወዲህ አማርኛው ከአፏ ተጠርጎ ወጥቶ ኦሮምኛው ብቻ ቀርቷል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ አድጌ የገበያ ኦሮምኛ እንጂ የእናት ኦሮምኛ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ በመሐላችን የነበርሽው አንቺ ነሽ። ቢሆንም የምመኝልሽ ማለፍሽን ነው። ሴት ልጅ እስከ መቼ የሰው አንሶላ ታጥባለች? እኔ ቤት ያጠብሽው የሰው አይደለም፤ የቤትሽ ነው፤ እሱ ይለያል።

ትምህርቱን ከኔ መፈለግሽ ልክ ነሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጠጥ ሸጫለሁ። ጣሊያን አገር ለወይን ትርዒት ሄዳ አሥራ ሁለት ቀን ቆይታ አሥራ ሁለት ዓመት አወራች ብለው ያሙኛል፤ ይሙኝ፣ እነሱ የት ሄደው ነው?

እንግዲህ ያዢ። የፈረንጅ ወይን ማር የለውም፣ ጌሾ የለውም፣ ውሃም አይጨመርበትም። ፍሬው ተጨምቆ በራሱ ይፈላል፤ በቃ። ቀዩ ቀይ የሆነው ከነልጣጩ ስለፈላ ነው። ነጩ ልጣጩ ቶሎ ተለይቶለት የፈላ ነው፤ ስለዚህ ከጥቁር ወይን ፍሬም ነጭ ይወጣል። ይህን ስትነግሪያቸው ዓይናቸው ይፈጣል። ሮዝ የሚሉት ደግሞ ልጣጩ ጥቂት ሰዓት ብቻ ጎብኝቶት የሄደ ነው።

ስማቸው አያስደንግጥሽ። ቦርዶ አገር ነው፣ ቡርጎኝ አገር ነው፣ ኪያንቲ ጣሊያን ነው፣ ሪዮሃ ስፔን ነው። እኛ «የሐረር ቡና» እንደምንለው ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የትውልድ ቀበሌው ነው። የቦርዶው ጠንከር ያለ፣ ምላስ የሚይዝ ነው፤ የቡርጎኙ ሳሳ ያለ፣ ደም ግባት ያለው። ወንዶቹ ቦርዶውን፣ የሚያውቁት ቡርጎኙን ያዛሉ።

ለዛሬ ይብቃሽ። አእምሮሽ ጎበዝ ነው ግን ቶሎ ይሞላል፤ ስላሳደግኩሽ ነው የምነግርሽ።

ቤተልሄም

*

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ቤቲ
ሰበታ

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? አካም ጂርቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ከእጄ አልወጣ ብሏል። ጠዋት የምንዘረጋው አንሶላ ሽቦው ላይ ቀጥ ብሎ ይደርቃል፤ ራቢአ፣ አብራኝ የምትተኛው ልጅ፣ «ገለቴ፣ ነይ በሩን ዝጊ» እያለች አንዱን አንሶላ እንደ በር ታንኳኳዋለች። በሳቅ ነው የምንሞቀው።

በዋቆ የላኩልኝን ደብዳቤና ከእሱ ጋር ያያያዙትን ወረቀት አገኘሁ። እናትዎ እማማ ሶያማ በሌሊት ሲነሡ ምን እንደሚባሉ በወረቀቱ ጠይቀውኛል። የሚፈሩት ቤት ውስጥ የማያውቁት ሰው ያለ እየመሰላቸው ነው። እጃቸውን ይያዙና «ሀደ ኮ፣ ነምኒ ሂንጂሩ» ይበሏቸው። እናቴ፣ ማንም የለም ማለት ነው። ሲበሉ ደግሞ «ኛዳ» ይበሉ፤ ይብሉ ማለት ነው። አፋቸው ላይ ማንኪያ አይገፉባቸው፤ መጀመሪያ እጃቸው ላይ ያስነኳቸው። አዲሷ ሠራተኛ ይህን ስለማታውቅ ይሆናል የነከሷት፤ እማማ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ፈተናውን የሚመሩት አቶ ገብረየስ የሚባሉ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት በትልልቅ መርከብ ላይ ምግብ ቤት ሠርተዋል። ብዙ አይናገሩም። የሚያስተምረን ሰው የለም፤ «የምትችሉትን አሳዩን» ነው የተባልነው። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነን። አንዱ አዳማ ሆቴል የሠራ ነው፤ ሁለተኛዋ የሆቴል ትምህርት ቤት የጨረሰች ናት፣ ሩሃማ ትባላለች። እኔን «የሳሙናዋ» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን እርስዎ አሉኝ፤ እነሱ እርስዎ የላቸውም።

አባቴ ከቡራዩ ሰላም ብሎዎታል። «ልጄን ሰው ያደረገች እሷ ናት፤ ገላቶሚ፣ አመሰግናለሁ በያት» ብሏል። ጥያቄዎቼን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ፤ ስለበዙብዎት ይቅርታ።

የእርስዎው ገለቴ

*

ሰበታ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ልጅ፣

አሥራ አራት ጥያቄ! ዳኛ ፊትም አሥራ አራት ጥያቄ አልተጠየቅኩም፤ የቀድሞ ባሌን ጠይቂው። ግን ደስ አለኝ፤ ሌሊት የሚያነቃኝ ሰው ስላለ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። እማዬ ጎኗ ላይ ትንሽ ቆስላለች። አንቺ አታስቢ፤ ትምህርትሽን አስቢ። አንቺ እያለሽ ቆስላ አታውቅም ነበር ለማለት አይደለም ያነሣሁት።

የነገርሽኝን ቃል ሞከርኩት። «ሀደ ኮ» ስላት ወደ በሩ አየች። አንቺ የመጣሽ መስሏት ነው። ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይሁን።

ወደ ትምህርታችን። «አረፋ ያለው ወይን ሁሉ ሻምፓኝ ነው ወይ?» ላልሽው፣ መልሱ የተገላቢጦሽ ነው። ሻምፓኝ የሚባለው ሻምፓኝ ከሚባለው የፈረንሳይ አገር የወጣ ብቻ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ሁለተኛ ይፈላል፤ አረፋው ከዚያ የመጣ ትንፋሽ ነው። የጣሊያኑ ፕሮሴኮ ነው፣ የስፔኑ ካቫ። በሠርግ ላይ ሙሽሮች የሚረጩት ደግሞ ስኳር በጋዝ ነው፤ ያንን ሻምፓኝ ካልሽ አቶ ገብረየስ ከመርከቡ ይወረውሩሻል።

ፖርቶ የጣፈጠው ስኳር ተጨምሮበት አይደለም። ገና እየፈላ ሳለ ጠንካራ አረቄ ይገለብጡበታል፤ መፍላቱ ቀጥ ይላል፤ ያልተበላው የፍሬው ጣዕም እዚያው ይቀራል። ልጅነቱን ሳይጨርስ ያቆሙት ሰው በይው፤ ጣፋጭነቱ ለዚያ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ። ካቲካላ ስታወጣ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? እንግዲህ አውሮፓን ግማሹን ታውቂዋለሽ። ማሰሮው መዳብ ሆነ፣ መቃው ቱቦ ሆነ፤ ነገሩ አንድ ነው። ወይኑን አፍልተው እንፋሎቱን ሲይዙት ብራንዲ ነው። ኮኛክ በሚባለው አገር ከተሠራ ኮኛክ ይሆናል፤ የሰበታ ሰው ሁሉ ሸዋዬ ነው፣ ሸዋዬ ሁሉ ግን ሰበታ አይገኝም። ኮኛክ ደግሞ ሁለት ጊዜ የወጣ ነው፤ እንደኛ ዳግም አረቄ። «ዳግም ነው» በያቸው፣ ይገባቸዋል። ግራፓ ጣሊያኖቹ ከጭማቂው የተረፈውን ልጣጭና ፍሬ አፍልተው የሚያወጡት ነው። ድሃ የሠራውን ነው ዛሬ ሀብታም በቀጭን ብርጭቆ የሚጠጣው። ውስኪ ከብቅል ነው፣ ቮድካ ከእህል ወይ ከድንች፣ ጂን ደግሞ የጥድ ፍሬ የገባበት ነው። ያን ሱሉልታ ተራራ ላይ ያለውን ጥድ ስታሸቺ ጂን በይ።

ቀለሙ ከበርሜሉ እንጨት ነው። በርሜል ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት ይተናል፤ መላእክት ድርሻቸውን ወሰዱ ይላሉ። እኔ ግሮሰሪ ውስጥ ሲጎድል ግን መልአኩ ዋቆ ነው።

ሁሉን ደጋግመሽ አጥኚ። ስለ አቀዳዱ የጠየቅሽውን ሆነ ብዬ አቆየሁት፤ ዋናው እሱ ነው፤ በጥድፊያ አይነገርም።

ቤቲ

*

ሰበታ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገሌ ቆንጆዋ፣

ደብዳቤሽ አሳቀኝ፤ በፍቅር ነው የሳቅኩት። «በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ፎቶ ብርጭቆው ሲሶ ብቻ ነው የተሞላው፤ በኛ አገር ግን የሚቀዳው ሙሉ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ትያለሽ። ልጄ፣ ያ ፎቶ ነው! ብርሃን እንዲያሳልፍ ነው ያጎደሉት። ዝርዝሩ ላይ ያለው በርገር ቁመቱ ስንት ነው? ወጥ ቤቱ የሚያወጣውስ? በቃ።

እስቲ አስቢው። በኛ አገር ጎዶሎ ብርጭቆ ለማን ይሰጣል? ለማይፈለግ እንግዳ፣ ለአማች ለማይሆን ሰው። አንድ ሠርግ ላይ ለኦቦ ዲኖ ጎዶሎ ቢቀርብለት ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጥቶ እስከ ዛሬ ከሙሽራው አባት ጋር አይነጋገርም። ፈረንጅም ሰው ነው። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ጎዶሎ ቢሰጡት ደስ የሚለው ይመስልሻል? እስከ አፉ ሙይው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀና ብሎ ሲቆም፣ እሱ ነው የእጅ ጥበብ።

ሁለተኛው ነገር ቅምሻ ነው። አንቺም የአገርሽን ታውቂያለሽ፤ የሚጠጣ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ በግራ መዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፤ «አልመረዝኩህም፣ ከኔ ጀምር» ማለቱ ነው። ትልቅ ጨዋነት ነው። የአውሮፓ ነገሥታት ከኛዎቹ ይልቅ በመርዝ የተላለቁ ናቸው፤ ታዲያ ይህን ሥርዓት የማያውቁ ይመስልሻል? ጣሊያን አገር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ስለዚህ ቡሹን ትነቅያለሽ፣ እንግዶቹ ፊት በመዳፍሽ ጠብ ታደርጊያለሽ፣ ትቀምሻለሽ፣ ቀና ብለሽ ፈገግ ትያለሽ፣ ከዚያ ትቀጃለሽ። እነዚያ ሁለቱ ከትምህርት ቤትና ከሆቴል ያመጡትን ወረቀት ይዘው ይቆማሉ፤ አንቺ ሥርዓት ይዘሽ ትቆሚያለሽ።

ለሌላ ሰው እንዳታሳዪው። ሩሃማ የምትሏት ልጅ ሰምታ ቀድማሽ ብታደርገው ታቃጥለኛለች።

እማዬ ደህና ናት። ሦስተኛዋ ሠራተኛም ትናንት ሄደች። አንቺ አታስቢ አልኩሽ።

ቤቲሽ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ ቤቲ

እንደምን ከረሙልኝ? ይህ ከፈተናው በፊት የምጽፈው የመጨረሻው ነው፤ ዋቆ በሩ ላይ እየጠበቀኝ ነው፣ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፍቶብኛል።

ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ራቢአ ትጠይቀኛለች፤ እሷ መጠጥ ስለማትነካ በጠርሙስ ውሃ ሞልተን ነው የምንለማመደው። ከሳሙና መደርደሪያው ላይ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ደርድረን ቁጭ ትልና እንደ እንግዳ እግሯን አነባብራ «አንቺ ልጅ፣ ቡርጎኝ አምጪልኝ» ትለኛለች። በመዳፌ ጠብ አድርጌ ስቀምስ «ይሄማ የኛም አያቶች ወተት ሲያቀርቡ የሚያደርጉት ነው፤ ደስ ሲል!» አለች። እስከ አፉ ሞልቼ አንድ ጠብታ ሳላፈስስ አስቀምጣለሁ አሁን።

እትዬ፣ አንድ ነገር ይቅርታ ልጠይቅዎት። ባለፈው ስለ መመለሴ የጠየቁኝን ሳልመልስ ዘልያለሁ። ፈርቼ ነው። እርስዎ ስለ ራስዎ ሳያስቡ እንዳልፍ እያስተማሩኝ፣ እኔ ደግሞ ካለፍኩ ጥዬዎት መቅረቴ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ፦ የወይን አሳላፊ በወር አራት ቀን ተከታታይ ዕረፍት አለው። አራቱንም ቀን ሰበታ እመጣለሁ። እማማን አጥባቸዋለሁ፣ ቁስላቸውን አያለሁ፣ አዲሷን ልጅ ቋንቋቸውን አስተምራታለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ስድስት ዓመት እናት ሆነውኛል፤ እሳቸውም፣ እርስዎም።

ይመርቁኝ።

ልጅዎ ገለቴ

*

ሰበታ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይኔ ልጄን!

ዋቆ ቅዳሜ ለትርፍ ጭነት ሱሉልታ ወጥቶ ሲመለስ ነገረኝ። ከመኪናው ሳይወርድ ነው የነገረኝ፤ ፊቱን አላየሁትም። ወደቀች አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም፤ ለምን እጠይቃለሁ? ሰው የልጁን ውርደት ከሹፌር አፍ አይሰማም።

አልቅሰሻል? አታልቅሺ። ማን ናቸው እነሱ? በሲሶና በሩብ ሰው የሚለኩ። ምን ጎደለብሽ? ቤት አለሽ። ክፍልሽን አስጠርጌዋለሁ። አልጋሽን ወደ እማዬ ክፍል አዛውሬዋለሁ፣ ሌሊት ስትነሣ እንዳትቸገሪ ብዬ። አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቼልሻለሁ፤ ቀይ። እማዬ አልጋው ሲገባ ስታይ ምን እንዳደረገች ብነግርሽ! ትራሱን አንሥታ ሸተተችው፣ «ገለቴ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯን በሩ አጠገብ አስወጥታ መንገዱን እያየች ነው የምትውለው።

ማክሰኞ ዋቆ ሲመጣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። ውል የለሽ፣ ምን ያስርሻል? አባትሽ ዘንድም ልኬ አስነግሬያለሁ፤ «ፈቃዷ ይሁን» ብለዋል። ቃልም አለሽ። አንቺ ቃልሽን የምታጥፊ ልጅ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ።

አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍሽልኝ ለምንድን ነው? አፍረሽ ነው አይደል? እኔን ማፈር የለም።

እናትሽ ቤቲ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ቤተልሄም
ሰበታ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስድስት ዓመት «እርስዎ» ስልሽ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እጄ እንቢ ስላለኝ አንቺ እልሻለሁ።

ለምን አልጻፍሽም ብለሻል። እየመረመርኩ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሰው ነበር፤ አቶ ገብረየስ፣ የሪዞርቱ ባለቤት ሚስት፣ ሌሎቹ ተጋባዥ እንግዶች። ስለ ቦርዶ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከጥቁር ፍሬ ነጭ እንደሚወጣ ስነግራቸው እንዳልሽው ዓይናቸው ፈጠጠ። ኮኛክን «ዳግም ነው» ስል አጨበጨቡልኝ። እስከዚያ ድረስ አንደኛ ነበርኩ፤ ሩሃማ ራሷ በኋላ ነግራኛለች። የምትገርሚኝ እዚህ ላይ ነሽ። ዘጠኙን እውነት የነገርሽኝ አሥረኛው እንዲታመንልሽ ነው።

«ቅጂ» አሉኝ። በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ቀና ብዬ ፈገግ አልኩ። አንዷ እንግዳ ስልኳን አውጥታ «ውይ፣ ድገሚው እስቲ፣ ልቅረጽሽ» አለችኝ። የወደዱት መስሎኝ ደገምኩላት። «አንዴ ብቻ፣ ወደዚህ ዞረሽ» አለችኝ። ሦስተኛ አደረግኩላት። ሳቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ፈገግ እንዳልኩ ነበር፤ ፈገግ በዪ ብለሽኝ የለ? ከዚያ ብርጭቆዎቹን እስከ አፋቸው ሞላሁ። አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም። ያፈሰሰው ለማንሣት የሞከረው እንግዳ ነው፤ እጅጌው፣ ሸሚዙ፣ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሁሉም ቀላ። ልብሱ በማግስቱ ለኔው ክፍል መጣ፤ እኔው አጠብኩት።

አቶ ገብረየስ አልሳቁም። ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ያሳደጉኝ፣ ወይዘሮ ቤተልሄም» አልኳቸው። ኮርቼ ነው ያልኩት።

«የሰበታዋ? ባለግሮሰሪዋ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አምና አዲስ አበባ አንድ የመጠጥ ትርዒት ላይ አጠገቤ ቆማ ለሃያ ሰው ቀድታለች። ለጋባዡ ጠብ አድርጋ ሰጠች፤ እሱ ቀምሶ እሺ ሲል ለሌሎቹ ሲሶ ሲሶ ቀዳች። ራሷ አልቀመሰችም። ከሷ ጥሩ የቀዳ ሰው አልነበረም።»

«ሌላ ሰው ይሆናሉ» አልኩ። ተሟገትኩልሽ። «እሳቸው እንደዚህ አያደርጉኝም» አልኩ።

«ልጄ፣ እኔ መልክ እረሳለሁ፣ እጅ አልረሳም» አሉኝ።

ያም ሆኖ አላመንኳቸውም። ዋቆን ጠየቅኩት። ግሮሰሪሽ ኋላ ባለችው፣ እኔ ገብቼባት በማላውቀው ክፍል ለትልልቅ ሰዎች ስትቀጂ ሺህ ጊዜ አይቶሻል፤ ሲሶ ነው አለኝ። መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ አታውቂም አለኝ። ይህን ሲነግረኝ እሱም ፊቴን አላየኝም።

አሁን እዚህ «መዳፌ» ነው ስሜ። ጥበቃው ሳይቀር በግራ እጁ ሰላም ይለኛል። ይበል። ከልብስ ማጠቢያ አላባረሩኝም፤ እኔም አልሄድም። የማጥበው አንሶላ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባለቤቱም አያውቀኝም፣ «ልጄ» አይለኝም። እንዴት እንደሚያሳርፍ አታውቂውም።

ቃል አለሽ ላልሽው፣ ቃሌ ራሴ ተፈትኜ ብወድቅ ነበር፤ አንቺ ብትጥዪኝ አይደለም።

ስለ እማማ። እወዳቸዋለሁ። ይህን ስለምታውቂ ነው በወንበራቸውና በትራሳቸው የጠራሽኝ። በወር አራት ቀን ልመጣላቸው ነበር፤ እሱንም አንብበሽዋል፤ ግን መቀጃው ላይ አንዲት ቃል አላስተካከልሽልኝም። አንድ ማክሰኞ ሙሉ ጊዜ ነበረሽ።

በር በሩን እያዩ እንዲቀመጡ አልፈልግም። ቁርጣቸውን ይወቁና የሌላ እጅ ይልመዱ። ሞታለች በያቸው። ሁለት ቃል ነው፦ «ገለቴን ዱቴ።» በግራ ጆሮአቸው በኩል፣ ረጋ ብለሽ። በማንም አታስነግሪ፤ በራስሽ አፍ በያቸው።

ገለቴ ኢተፋ

*

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገለቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀደድኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ የረገምኩሽን ርግማን ብጽፈው ዋቆ በአንድ ምልልስ አይጭነውም። «አንቺ» አልሽኝ! ጫማ ያስለመድኩሽ እኔ።

እሺ፣ መቀጃውን ሆነ ብዬ አሳስቼሻለሁ። ደስ ይበልሽ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? የገዛ እናትሽ ሌሊት ሌሊት በማታውቂው ቋንቋ ስትለምንሽ፣ ውሃ ትበል ልብስ፣ ይመማት ይብረዳት ሳታውቂ ፊቷ ስትቆሚ? ሠራተኛ መቅጠር አላቃተኝም። እሷ የምትፈልገው አንቺን ነው። እኔን አይደለም፣ አንቺን። እኔ በተራዬ ማንን ልፈልግ?

ያዘዝሽኝን ቃል አልልም ብዬ ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጣ አፏን ገጥማ እህል እንቢ አለች። ማንኪያውን እጇ ላይ አስነካሁ፣ «ኛዳ» አልኩ፣ ምንም። ስለዚህ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጠገቧ ተንበርክኬ፣ በግራ ጆሮዋ፣ «ገለቴን ዱቴ» አልኳት።

አላለቀሰችም። ከዚያ፣ ገለቴ፣ እጄን ያዘችኝ። ፊቴን ዳበሰችኝ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። እንዲህ ከነካችኝ ስንት ዓመት ሆኖኛል መሰለሽ? ዓይን ዓይኔን እያየች ተናገረች። እንደ ሰማሁት እጽፍልሻለሁ፦ «ኢንተልኮ ዱቴ ጄዱ። ነሚቲን ቱን ኤኙ?»

«ኢንተል» ልጅ ማለት መሆኑን ይህን ያህልማ አላጣውም። ልጄ አለችኝ! «ዱቴ»ን አንቺው አስተምረሽኛል፤ ሞትሽን ተቀብላለች ማለት ነው፤ አሁን ወደኔ ዞራለች። የኋለኛውን ቃል ደጋግማ ደጋግማ አለችው፤ «ኤኙ? ኤኙ?» እኔም መልስ አጥታ እንዳትቀር «ኤኙ እማዬ፣ ኤኙ» እያልኩ ግንባሯን ሳምኩት። እስከ አሁን እህል አልቀመሰችም፤ ግን እጄን አለቀቀችም።

ዋቆን ልጠይቀው ብዬ አፈርኩ። የእናቷን ቃል ለሹፌር የምታስተረጉም ሴት ልባል? በኔ መናደድሽን ተዪውና ይህችን አንዲት መስመር ብቻ ተርጉሚልኝ። ምን እያለችኝ ነው? ምን ብዬ ልመልስላት?

ቤተልሄም

*

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይዘሮ ቤተልሄም፣

«ልጄ ሞተች ይላሉ። ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ማለታቸው ነው።

ገለቴ